የሁለት ሰዓት ቀጠሮ

ሐበሻና ቀጠሮ አይዋደዱም ይባላል። ይህን የምንለው ደግሞ እኛው ራሳችን ነን። ሠርግ ተጠርተን ሙሽሮቹ ኬክ ቆርሰው ከጨረሱ በኋላ ስንደርስ «የሐበሻ ቀጠሮ!» ብለን እንስቃለን። ስብሰባ ጠርተን አዳራሹ ባዶ ሲሆንብን «የሐበሻ ቀጠሮ!» ብለን እንበሳጫለን። እኔም በዚሁ ገጽ ላይ፣ በዚሁ ጉዳይ፣ ወገኖቼን ደጋግሜ ሸንቆጥ ማድረጌን የማይረሳ አንባቢ አይጠፋም። ዛሬ የማወጋችሁ ግን ከቀጠሮዋ ስድስት ሰዓት ቀድማ ስለተገኘች ሐበሻ ነው። ስድስት ሰዓት ቀድማ ደርሳ «አልመጣችም» ተብላ ስለተመዘገበች።

አክስቴ ናት። ሰባ ዓመት ካለፋት ቆይቷል። እዚህ ቶሮንቶ፣ ከዳንፎርዝ ጎዳና ብዙም በማይርቅ ፎቅ ቤት ብቻዋን ትኖራለች። ዓይኗን ግላኮማ የሚባለው በሽታ ይዟታል። በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት እየጨመረ የዕይታን ነርቭ ቀስ በቀስ የሚጎዳ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሕመም እንኳ የማይሰማበት በሽታ ነው። አንዴ የወሰደውን ብርሃን ሐኪም አይመልሰውም፤ የሚቻለው የቀረውን መጠበቅ ብቻ ነው። ስለዚህ በየጊዜው መታየት አለባት።

አምና ጥር ላይ የዓይን ክሊኒኳ የቀጠሮ ደብዳቤ ላከላት። ክሊኒኩ ደግ ነው፤ ለሚያክማቸው ስደተኞች ደብዳቤውን በየቋንቋቸው ይጽፋል። የአክስቴ በአማርኛ ነበር። «ቀጠሮዎ ማክሰኞ በ2፡00 ሰዓት ነው» ይላል።

ማክሰኞ ዕለት አክስቴ ገና ሳይነጋ ተነሣች። በረዶ ነበር። አንድ አውቶቡስና አንድ ባቡር ይዛ፣ ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ከክሊኒኩ በር ደረሰች። ሁለት ሰዓት ስል የእኛን ሁለት ሰዓት ማለቴ ነው፤ ፈረንጅ ስምንት የሚለውን። በሩ ዝግ ነው። ቆመች። ሁለት ሰዓት ሆነ፤ አለፈ። ሦስት ሰዓት ላይ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ መጥታ ከፈተች። አክስቴ ደብዳቤውን አሳየቻት። ልጅቱ ቁጥሩን አየችና ሁለት ጣቷን አወጣች፤ «ቱ!» አክስቴም ሁለት ጣቷን አወጣች፤ «አዎ፣ ሁለት!» ከዚያ የእጅ ሰዓቷን ተመለከተች። አክስቴ ሰዓቷን የምትሞላው አገር ቤት እንደለመደችው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ሦስት ይላል። ስለዚህ ልጅቱ «ቀጠሮሽ ሁለት ሰዓት ነበር፤ አሁን ሦስት ሆኗል፤ አልፎሻል» ያለቻት መሰላት። ይቅርታ ጠይቃ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በፈረንጅ ሁለት መሆኑ ነው፣ ስሟ ተጠራ። የለችም። ተራዋ ወደ ኋላ ተገፋ፤ ቀጣዩ ቀጠሮዋ ከአራት ወር በኋላ ሆነ። እሷም አፍራ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ነገሩን ያወቅሁት ከብዙ ሳምንታት በኋላ፣ አንድ እሑድ ቡና ልጠጣ ስሄድ ነው። ሲኒውን ረከቦቱ ላይ ያስቀመጠች መስሏት ጠርዙን ሳተችው። በግራ በኩል ያለውን ማየት እየተሳናት እንደሆነ ያኔ ገባኝ። «ሐኪሙ ምን አለሽ እትዬ?» አልኋት። «አርፍጄባቸው መለሱኝ፤ የራሴ ጥፋት ነው ልጄ» አለችኝ።

ደብዳቤውን ከማቀዝቀዣው በር ላይ አንሥቼ አነበብሁት። «በትሕትና እናሳስባለን» የሚለው ላይ ስደርስ ልቤ ደነገጠ። «መምጣት የማይችሉ ከሆነ አስቀድመው ቢያሳውቁን ምስጋናችን የላቀ ነው» የሚለው ላይ ስደርስ ጥርጣሬው አለቀ። «ምስጋናችን የላቀ ነው» ብሎ የሚጽፍ ሰው በቶሮንቶ አንድ ብቻ ነው። ደብዳቤውን የተረጎምሁት እኔ ነኝ።

አዲስ አበባ ጋዜጠኛ እንደነበርሁ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ባሕር ማዶ የተማርሁበትን ዲግሪ ይዤ ወደዚህ አገር ስመጣ የጠበቀኝ ሥራ አልነበረም፤ ስለዚህ ለአንድ የትርጉም ድርጅት በቃል ሒሳብ ስተረጉም ነበር። በአንድ ቃል ይህን ያህል ሳንቲም፣ እንደ ጤፍ በሚዛን። የዚያን ክሊኒክ ደብዳቤም የሠራሁት በዚያ ዘመን ነው። የእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር መሐሉ ላይ ክፍት ቦታ ነበረው። እኔም «ቀጠሮዎ በ......... ሰዓት ነው» ብዬ ክፍት ቦታውን እንደነበረ ትቼ አስረከብሁ። ሰዋስውም ፊደልም አልተዛነፈም። ያን ባዶ ቦታ ማን በምን እንደሚሞላው ግን አልጠየቅሁም። የሚሞላው የክሊኒኩ ኮምፒዩተር ነው፤ ኮምፒዩተሩ ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጅን ሰዓት ብቻ ነው።

አሁን የምሠራው ሥራ በእንግሊዝኛው ዩዘር ኤክስፒሪየንስ ዲዛይን ይባላል፤ ባጭሩ ዩኤክስ። ወደ አማርኛ ልመልሰው ብዬ ብዙ ታግያለሁ። «የተገልጋይ ተሞክሮ ንድፍ» ብዬ ለሰው ስናገር ሰው ዝም ብሎ ፊቴን ያያል። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት አጠገቤ የተቀመጡ አባት ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው።

«ኮምፒዩተር ትጠግናለህ ማለት ነው?»

«አይ አባባ። ኮምፒዩተሩ ሰውን ሲያስቸግር ቁጭ ብዬ አያለሁ። ከዚያ እንዴት ቢሠራ እንደማያስቸግር እነግራቸዋለሁ።»

«ለዚህ ይከፍሉሃል?»

«ይከፍሉኛል።»

«አይ አገር!» ብለው ወደ ካርታቸው ተመለሱ።

ቃሉን ያስፋፋው ዶናልድ ኖርማን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1993 አፕል ኩባንያ ሲገባ ለራሱ የሥራ መጠሪያ አደረገው። ከዚያ በፊት፣ በ1988፣ ባሳተመው መጽሐፍ ስለ በር ብዙ ጽፏል። መሳቢያ እጀታ ተሠርቶለት መገፋት ያለበት በር አለ፤ ሁላችንም ገጥሞናል። ስበን ስበን እንቢ ሲለን፣ ያየን ሰው መኖሩን በዓይናችን እየቃኘን፣ «ምን ዓይነት ደነዝ ነኝ» እንላለን። ኖርማን የሚለው ደነዙ በሩ ነው። እጀታ «ሳበኝ» ይላል፤ የሠራው ሰው ግን እንዲገፋ አድርጎታል። ዛሬ በሙያው ውስጥ እንዲህ ያለውን በር በስሙ «የኖርማን በር» ይሉታል። ይህን ሙያ ስማር ከሁሉ የከበደኝ ይህ የመጀመሪያው ትምህርት ነበር። ያደግሁት «ያላወቀበት እሱ ነው» እየተባለ ነዋ! ተማሪ ካልገባው ተማሪው ሰነፍ ነው፤ ባለጉዳይ ቅጹን ካበላሸ ባለጉዳዩ መሃይም ነው። አክስቴም በረዶ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆማ ስታበቃ ጥፋተኛዋ እሷው ሆነች።

ወደ ክሊኒኩ ሄድሁ። ሥራ አስኪያጇ ጨዋ ሴት ናት፤ ወንበር ሰጠችኝ፤ ውሃ አቀረበችልኝ። የአክስቴን ጉዳይ ሳነሣ ፋይል ከፈተችና፣ ሳታስቀይመኝ እየተጠነቀቀች፣ ከእኛ ማኅበረሰብ አረጋውያን ብዙዎቹ ቀጠሮ እንደማያከብሩ ነገረችኝ። መላም አዘጋጅታለች፦ ከቀጠሮው በፊት ሦስት ጊዜ ስልክ ይደወላል፤ ሁለቴ የቀረ ሰው ገንዘብ ይከፍላል፤ ስለ ሰዓት ማክበር በአማርኛ ፖስተር ይለጠፋል። ፖስተሩን እኔ እንድተረጉመው ጠየቀችኝ። ክፍያም አለው።

እዚህ ላይ ስለ ሙያዬ አንድ ነገር ልበል። ሰው ችግሩን ይዞልህ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጥህ ችግሩን አይደለም፤ ራሱ ያሰበውን መፍትሔ ነው። «ፖስተር ተርጉምልኝ» መፍትሔ ነው። «አረጋውያኑ ሰዓት አያከብሩም» ደግሞ ብይን ነው፤ ምስክር ሳይሰማ የተሰጠ። ችግሩ ገና አልታወቀም። ስለዚህ የዩኤክስ ሰው መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ምንም አለመሥራት ነው፤ ሄዶ መቀመጥ። ጋዜጠኝነትም ድሮ እንዲህ ነበር፤ ቢሮ ተቀምጦ በስልክ ዜና መጻፍ ሳይመጣ በፊት ማለቴ ነው።

ያለ ክፍያ እንድሠራ ተስማማንና ሁለት ጠዋት ክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ጋዜጣ ይዤ ተቀመጥሁ። በሁለተኛው ጠዋት ነጠላ የለበሱ እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር መጡ። ቀጠሯቸው በፈረንጅ ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር፤ እሳቸው የደረሱት በእኛ ሦስት ሰዓት ነው፤ ሊያውም ግማሽ ሰዓት ቀድመው! የልጅ ልጁ እዚሁ የተወለደ ስለሆነ እንግሊዝኛውን ቢያነብ ይገባው ነበር፤ ግን ማን ጠየቀው? አያቱ አማርኛውን ራሳቸው አንብበዋል፤ ማንበብ በመቻላቸውም ይኮራሉ። እንግዳ ተቀባይዋ «ገና ነው፣ በኋላ ይምጡ» ስትል ልጁ ትከሻውን ነቀነቀ፤ «ሺ ኦልዌይስ ዳዝ ዚስ» አለ፤ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታደርገው ማለቱ ነው።

ከዚያ በየቤቱ ሄድሁ። ለጥናት ስንወጣ በጣም የምንፈራው ጥያቄ «ገባዎት?» የሚለው ነው። በተለይ እኛ ዘንድ ይሉኝታ የሚሉት ነገር አለ። «ደብዳቤው ገባዎት?» ብትላቸው «እንዴታ! ግልጽ ነው እኮ፣ እግዜር ይስጣቸው» ይሉሃል። ደብዳቤውን ማን እንደጻፈው አያውቁም፤ ግን ሰው የደከመበትን አይነቅፉም። ስለዚህ እንዲህ እጠይቅ ነበር፦ «በዚህ ቀን ከቤት የሚወጡት ምን ሠርተው ሲጨርሱ ነው? ቁርስ በልተው ነው? ከቅዳሴ መልስ ነው?» መልሳቸው ውስጥ ሰዓቱ ይወጣል። ከጠየቅኋቸው ውስጥ አብዛኞቹ «ሁለት ሰዓት»ን የጠዋት ሰዓት አድርገው ነው ያነበቡት። ለምን አያነቡት? አማርኛ ነው። በአማርኛ ሁለት ሰዓት ከንጋት በኋላ ሁለተኛው ሰዓት ነው። ከምድር ወገብ ብዙም በማይርቅ አገር ፀሐይ ክረምት ከበጋ በአንድ ሰዓት ገደማ ስለምትወጣ፣ ቀንን ከንጋት ጀምሮ መቁጠር የሚያስኬድ ብልሃት ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንዲሁ ይቆጥራሉ። ቶሮንቶ ግን በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው በፈረንጁ ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ አካባቢ ነው፤ በሰኔ ደግሞ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ። እዚህ ከንጋት ቢቆጠር ማንም ማንንም አያገኝም።

በሽታው ታወቀ። መድኃኒቱ ግን እንዳሰብሁት ቀላል አልሆነም፤ ሦስት ጊዜ ወደቅሁ።

በሙያችን ያኮብ ኒልሰን የተባለው ዴንማርካዊ እ.ኤ.አ. በ2000 የጻፈው የታወቀ ምክር አለ፦ አንድን ነገር ለመፈተሽ ብዙ ሕዝብ አያስፈልግም፤ አምስት ሰው ይበቃል፤ አርመህ እንደገና በሌላ አምስት ፈትሽ። እኔም አምስት ሰው አገኘሁ፦ አክስቴን፣ ነጠላ የለበሱትን እናት፣ ድሬዳዋ ያደጉ አንድ ሐጂ፣ ድሮ አየር መንገድ ይሠሩ የነበሩ አንድ ጋሼ፣ እና ከጎንደር ከመጡ ዓመት ያልሞላቸው አንዲት ወይዘሮ።

መጀመሪያ ሁለቱንም ሰዓት ጎን ለጎን ጻፍሁ፦ በፈረንጅ 2፡00፣ በሐበሻ 8፡00። ለእኔ እንደ ፀሐይ ግልጽ ነበር። የጎንደሯ ወይዘሮ አዩትና «ሁለት ቀጠሮ ነው የሰጡኝ?» አሉ። አክስቴ «ለማንኛውም በሁለቱ ልሂድ፣ ቀድሞ መገኘት አይጎዳም» አለች። ጋሼ ብቻ ወዲያው ገባቸው። የአየር መንገድ ሰው ከገባው ሁሉም ይገባዋል ብዬ ብፈርድ ኖሮ እዚያው በቀረሁ።

ቀጥሎ ቁጥሩን ትቼ የሰዓት ሥዕል ሣልሁ። የእኛና የፈረንጅ ሰዓት የሚለያየው በስድስት ስለሆነ ነገሩ የዘንጉን ተቃራኒ ጫፍ ማንበብ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ስንቱ ሰዓቱን በፈረንጅ ሞልቶ በእኛ ያነበዋል! ሥዕል ከሆነ በሁለቱም ቋንቋ ያው ነው ብዬ ተደሰትሁ። አክስቴ ሥዕሉን ከእጅ ሰዓቷ ጋር አስተያየችው። ሰዓቷ ግን የተሞላው በእኛ ነው። እንደገና ሁለት ሰዓት፣ እንደገና ጠዋት፣ እንደገና በረዶ።

በሦስተኛው «ምሳዎን በልተው ይምጡ» ብዬ ጻፍሁ። ምሳን ማን ይስተዋል? ሐጂ «ከዙሁር ሶላት በኋላ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር፤ ግን ደህና ነው» አሉ። አራቱ ተስማሙ። ነጠላ የለበሱት እናት ግን ወረቀቱን መለሱልኝ። «ልጄ፣ ሁዳዴ እኮ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም።» በእኛ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑ ነው፤ በፈረንጅ ሦስት። ምሳቸውን በልተው ቢመጡ ቀጠሮው ካለፈ አንድ ሰዓት ይሆነዋል። እኔ ጾም አላውቅም እንዳልል እናቴ ጹማ ያሳደገችኝ ልጅ ነኝ። ኮምፒዩተር ፊት ቁጭ ስል ግን ረስቼዋለሁ።

መሞከር ይህን ያህል ዋጋ ያለው ነገር ነው። ከተማችን ቶሮንቶ ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ለየቤቱ አዲስ አረንጓዴ የምግብ ትርፍራፊ መጣያ ስታድል፣ በ31 ሚሊዮን ዶላር፣ ራኩን የሚባለው ጭምብል ያጠለቀ የሚመስል የሌሊት ሌባ እንዳይከፍተው ክዳኑን አስቀድማ ያስሞከረችው በራሱ በራኩን ላይ ነው። እሱም ቢሆን በኋላ ሲከፍተው በቪዲዮ ተቀርጿል፤ ያም ሆኖ ተሞክሯል። የአክስቴን ደብዳቤ ግን እኔም ሆንሁ ክሊኒኩ በአንዲት አሮጊት እንኳ አላስሞከርነውም። የፌዴራሉ መንግሥትም አራይቭካን የተባለውን የመንገደኞች የስልክ መተግበሪያ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ 177 ጊዜ እያሻሻለ አውጥቷል፤ ዋና ኦዲተሯ ካረን ሆጋን በየካቲት 2024 ባቀረቡት ሪፖርት ወጪው ወደ 59.5 ሚሊዮን ዶላር እንደሚገመትና ብዙዎቹ ማሻሻያዎች ለመፈተሻቸው በቂ ማስረጃ እንደሌለ ገልጸዋል። በ2022 ክረምት ከእነዚህ ማሻሻያዎች አንዱ ተሳስቶ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ መንገደኞችን ያለ ምክንያት «ከቤት አትውጡ» ብሏቸዋል። ስልኩ ያለውን ማን ይከራከረዋል?

ወደ ደብዳቤያችን ልመለስ። መፍትሔው ቋንቋችን ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝ ነበር። ሬዲዮኑ ሲናገር ኖሯል፤ እኔም ስንት ዜና ጽፌበታለሁ፦ «ከቀኑ 8 ሰዓት»። አማርኛ ሰዓትን ብቻውን አይተወውም፤ «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ» ይለዋል። «ከቀኑ 8»ን ማንም የጠዋት አድርጎ አያነበውም፤ ሠላሳ ዓመት እዚህ ኖሮ በፈረንጅ መቁጠር የለመደውም ቢሆን «ከቀኑ» ሲል ቆም ይላል። ስለዚህ በትልልቅ ፊደል አንድ መስመር ብቻ፦ «ማክሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት»። የፈረንጁ ሰዓት ከታች በእንግሊዝኛው ክፍል ለልጅ ልጁ ይቀመጣል። ማክሰኞን ደግሞ በጉልህ ያስጻፍሁት በምክንያት ነው፦ ጃንዋሪና ጥር ሲጣሉ ማክሰኞ በሁለቱም ካላንደር ማክሰኞ ነው።

የቀረው ያ ባዶ ቦታ ነበር። የክሊኒኩ ኮምፒዩተር ስድስት መደመርና መቀነስ አይችልም፤ ለማስተማር ደግሞ የሚጠየቀው ገንዘብ ሥራ አስኪያጇን አስደነገጣት። ባዶውን ጨርሰን አጠፋነው። ክሊኒኩ በፈረንጅ ከጠዋቱ 9 እስከ ማታ 5 በየግማሽ ሰዓቱ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ሲቆጠር ዐሥራ ስድስት ነው። ዐሥራ ስድስት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች በአማርኛ ጻፍሁ፤ እንግዳ ተቀባይዋ አንዱን መምረጥ ብቻ ነው። ከሰዓት ተኩል የማይበልጥ ሥራ ነው። የስዋሂሊውንም ደብዳቤ እንዲያመጡልኝ ጠየቅሁ፤ ያው ባዶ ቦታ እዚያም አለ። እሱን ለሚያውቁት አስተላለፍን። ፖስተሩ ሳይተረጎም ቀረ።

ይህን ሁሉ ስሠራ በአእምሮዬ የሚመላለሰው የጽሕፈት መኪናችን ታሪክ ነበር። የአማርኛን የጽሕፈት መኪና የፈለሰፉት ኢንጂነር አያና ብሩ የገጠማቸው ፈተና ይህ ነበር፦ የላቲኑ መኪና አርባ ጥቂት ቁልፎች አሉት፤ ላይና ታች ተደምሮ ከመቶ ያነሰ ምልክት ይይዛል። የእኛ ፊደል ሠላሳ ሦስት በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ። ብረቱ አልሰፋ ሲል ፊደሉ ተቆራረጠ፤ አካሉ በአንድ ምት፣ እግሩና ቀለበቱ በሌላ ምት ተመታ። ሰውየውን አላማም፤ በነበራቸው ብረት ከዚያ በላይ ማን ይሠራል? ግን ከዚያ በኋላ «ፊደላችን በዝቷልና ይቀነስ» የሚለው ክርክር ለዐሥርት ዓመታት ሲነሣ፣ ከሚቀርቡት ምክንያቶች አንዱ መኪናው ነበር። መኪናው ጠበበ፤ ጥፋተኛው ፊደሉ ሆነ።

በ1990ዎቹ በስደት ጋዜጣ ያዘጋጁ ሁሉ የሚያስታውሱት ሌላም አለ። ያን ጊዜ እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም ለፊደሉ የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበር፣ ከዋሽንግተን የተላከ ጽሑፍ ቶሮንቶ ሲከፈት የቁራ ጫማ ይሆናል። ጸሐፊው አዘጋጁን «መክፈት አይችልም» ይላል፤ አዘጋጁ ጸሐፊውን «መላክ አይችልም» ይላል። ችግሩ ከሁለቱም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ በ3.0 እትሙ 345 የኢትዮጵያ ምልክቶችን፣ አኃዞቹንና ነጥቦቹን ጨምሮ፣ ለእያንዳንዳቸው ቋሚ ቁጥር ሰጥቶ አስገባ። ከአገራችን ልጆችና ከወዳጆቻችን ስንቶቹ ለዚህ እንቅልፍ እንዳጡ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። ዛሬ አክስቴ በስልኳ «ሰላም ዋልህ» ብላ ስትልክልኝ ሀሁው ሙሉ አካሉን ይዞ ነው የሚደርሰኝ። ፊደሉ ሳይነካ መኪናው ተቀየረ ማለት ነው።

አክስቴ ቀጣዩን ቀጠሮዋን አላሳለፈችም። አዲሱ ደብዳቤ ማቀዝቀዣው በር ላይ አለ። ሐኪሟ ጠብታውን ቀይሮላታል፤ የቀኝ ዓይኗ ደህና ነው። ስለ ግራው፣ ያ አራት ወር ባይባክን ኖሮ ምን ያህል ይተርፍ እንደነበር ጠይቄዋለሁ። በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም አለኝ።

ያለፈው እሑድ ቡና ስታፈላ ነገርኋት። «እትዬ፣ ያንን የመጀመሪያውን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ሰዓቱ የተሳሳተው በእኔ ነው።»

ጀበናውን አንሥታ ነበር፤ መልሳ አስቀመጠችው። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ረከቦቱን በግራ እጇ ዳበሰች፤ ሲኒዬን አገኘችውና ቀዳችልኝ።

«አማርኛውስ ጥሩ ነበር» አለችኝ።